የአስካል መጽሐፍ

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ይዛት ትመጣና ታነብላታለች። ልጅቷ ሁሌም የምታስነብበው ያንኑ የአስካልን መጽሐፍ ነው። አስካል እንደ እሷው ዓይነ ስውር ናት፤ እንደ እሷው ክራር ትወዳለች። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እናቷ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ «አስካልም ሳታለቅስ ጠበል ተጠመቀች። ዓይኗ በራ። መጀመሪያ ያየችውም የእናቷን ፊት ነበር» ብላ ትዘጋዋለች። ያኔ የልጅቷ ልብ ቅቤ ይጠጣል።

ጳጉሜን በመጣ ቁጥር እናቷ በማለዳ ጠበል ትወስዳታለች። በረዶ የመሰለው ውኃ አናቷ ላይ ሲወርድባት ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች። አንድም ቀን አላለቀሰችም። አስካልስ መቼ አለቀሰች!

ዛሬ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ ዘነቡ ገና ከበሩ ተቀበሏቸው።

«ደስ ይበልሽ የኔ ልጅ! የአስካል መጽሐፍ በብሬል መጣልሽ። ትምህርት ቤት ብሬል ተምረሽ የለ? በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ራስሽ በጣትሽ አንብቢው።»

«ዛሬ እንኳ ይቅርባት፣ ሌላ ቀን…» አለች እናቷ።

ልጅቷ ግን ተቀምጣ ጀምራዋለች። ጣቶቿ እየፈጠኑ ሄዱ። አስካል ክራር ተማረች፤ መድረክ ላይ ወጣች፤ ሕዝቡ አጨበጨበላት፤ እናቷ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። ከዚያ በኋላ ያለው ልሙጥ ሽፋን ነው። ልጅቷ ወደ ኋላ ገልጣ እንደገና ዳሰሰችው።

«እማዬ» አለች፣ ጣቷን ከመጨረሻው መስመር ሳታነሣ፤ «ጠበሉ የቱ ገጽ ላይ ነው?»