የሠላሳ ሺህ ብሩ ስጦታው

ስጦታው ለቢቸና የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲጫወት በወር ሠላሳ ሺህ ብር ይከፈለዋል። ሌሎቹ አራቱ ቋሚ ተሰላፊዎች የሚያገኙት ጫማና ከልምምድ በኋላ ሻይ በዳቦ ነው። «ድሮ ስጦታ በነፃ ነበር» እያለ ከተማው ይቀልዳል።

ከአዲስ አበባ ያስመጣችው እህል ነጋዴዋ ወይንእሸት ናት። የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነች ደመወዙን ከሱቅ ሱቅ ዞራ፣ ለምና ነው ያሰባሰበችው። ለሁሉም የገባችው ቃል አንድ ነው፤ ዘንድሮ ሞጣን እናሸንፋለን። ሞጣ ዋንጫውን ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዷል። አሁንም ከተሸነፉ ቡድኑ እንዲፈርስ ኮሚቴው ወስኗል።

ችግሩ፣ ስጦታው ከቡድኑ አጨዋወት ጋር አልገጥም አለ። አሠልጣኙ ሰማው በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ ስድስት ዓመት ያለ ክፍያ ያሠለጠነ፣ ከተማው የሚያከብረው ሰው ነው። ሥርዓቱም ቀላል ነው፤ ኳሷ አምስት እጅ ሳትነካ ወደ ቅርጫት አትወረወርም። ስጦታው ግን ሁለተኛው እጅ ላይ ሆኖ ከሩቅ ይለቃታል። አብዛኛውን ጊዜ ትገባለታለች። ስትገባለት ሰማው ቀይሮ ያስወጣዋል።

«አገባ እኮ!» አለች አንድ ቀን ወይንእሸት ከመቀመጫዋ ተነስታ።

«ዛሬ ቢያገባ ነገ ቡድን ያፈርሳል፣ እትዬ» አላት ሰማው። «እኔ የምሠራው ቡድን ነው።»

እውነት መሰላት። ስጦታው ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ፣ አኩርፎ ተቀመጠ። በሠላሳ ሺህ ብር ኩርፊያ መግዛቷ አንገበገባት።

የፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ሞጣ ላይ ሊደረግ፣ ሰኞ ዕለት ወሬ ደረሰ፤ ሞጣዎች ከቢቸና ቡድን አንድ ሰው ገዝተዋል። ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ወይንእሸት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ጤፍ ስትመዝን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ደንበኛ እያናገራት ብድግ ብላ ልምምድ ልታይ ትሄዳለች፤ ሜዳው ጋ ስትደርስ ደግሞ ክፍቱን ትታ የመጣችው ሱቅ ትዝ ይላታል።

ሐሙስ ሰማው ሱቋ ድረስ መጣ።

«ስጦታው ትናንት ሞጣ ነበር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን አየው?»

«እኔው። ሜዳውን ልይ ብዬ ሄጄ ሆቴል በር ላይ አየሁት። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።»

ወይንእሸት ሚዛኑ ላይ ተደገፈች። «ምን ይሻላል?»

«ነገርን ከሥሩ ነው እትዬ። በአገራችን ደንብ እናስምላቸው። ንጹሕ ይምላል፣ ሌባ ይፈራል።»

አርብ ጠዋት አምስቱ ተሰላፊዎች ጊዮርጊስ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ቄሱ «በኳስ መሐላ እኔን አታስገቡኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ቃሉን ሰማው ይናገር፣ ተጫዋቾቹም በተራ እየተከተሉት ይማሉ ተባለ።

«ከሞጣ ሰው እጅ ገንዘብ አልተቀበልሁም፤ የተቀበለም አላውቅም፤ ብዋሽ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ።»

ፋንታ ማለ። እንዳለው የሚባለውም ተጫዋች ማለ። ወንድማማች የሆኑት ሁለቱ ተሰላፊዎችም ማሉ።

የስጦታው ተራ ደረሰ። ሰማውን ትክ ብሎ አየው።

«አልምልም» አለ።

አልምልም ባለ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ምስክር አይፈለግም። ፋንታ ስጦታው እግር ሥር ምራቁን ተፋ። ወይንእሸት እዚያው አሰናበተችው። «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው!» አለችው፤ ንዴቱ አስለቀሳት።

ቅዳሜ ቢቸና ያለ ስጦታው ተሰለፈ። ኳሷ በሰማው ሥርዓት ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ አምስተኛው እጅ ሳትደርስ ሞጣዎች ይነጥቋታል። ስልሳ አንድ ለሠላሳ ስምንት ተሸነፉ። ሰማው «ያ ከሃዲ ልጆቼን በትኖብኝ ሄደ» ብሎ አለቀሰ። ደጋፊው ከብቦ አጽናናው።

እሑድ ወይንእሸት ከቅዳሴ ስትመለስ ስጦታውን መናኸሪያ ውስጥ አየችው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው። ልታልፈው ፈልጋ እግሯ እንቢ አላት። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ቡድኔን አፈረስህ። ለመሆኑ ስንት ሰጡህ?»

«አምስት ሳንቲም አልተቀበልሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አልማልህም?»

«አልተቀበልሁም ብዬማ እምል ነበር። የተቀበለም አላውቅም በል ስባል ነው ያቃተኝ። እኔም ሜዳውን ልለምድ ብዬ ነበር ሞጣ የሄድሁት። ሆቴሉ ውስጥ ሲቀበል በዓይኔ አየሁት።»

«አይተህ ዝም ትላለህ?»

«ሁለት ወር ያልሞላኝ እንግዳ ነኝ። ብናገር ማን ያምነኛል?»

«ፋንታ ነው?»

«አይደለም።»

«እንዳለው? ወይስ ወንድማማቾቹ?»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ስጦታው ሻንጣውን አነሳ።

«አራቱም የማሉት እውነታቸውን ነው» አላት። «ያስማለን ሰውዬ ግን አልማለም።»