ታክሲ ውስጥ የተሸነፈው ዕጩ

ታክሲው ውስጥ ስለ ፕሬዚዳንትነት ዕጩው ወሬ ተነሳ።

«ናሁሰናይ ዘንድሮ ሳያሸንፍ አይቀርም» አለ ረዳቱ።

ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ምሳ ዕቃዋን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። «እሱ? ፖስተሩ ላይ እንኳ ኮሌታው ተጣሞ የተነሳው ዝርክርክ? ሁለት ሰው ፊት ሲቆም የሚንተባተብ አገር ሊመራ!»

ተሳፋሪው አውካካ። «እማማ፣ ጨረሱት እኮ!»

«ድምፃችሁን እንዳታባክኑ!» አለች። ሁሉም «አይመረጥም» እስኪል ድረስ አልተወቻቸውም።

ወህኒ ቤቱ በር ላይ ወረደች። ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን እየፈተሸ፣ «ለማን ነው?» አላት።

«ለታላቁ ልጄ። ባለፈው ምርጫ ያሸንፋል ለተባለው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ታናሹን፣ ናሁሰናይን ግን ተዉት የኔ ጌታ። እሱ አያሸንፍም፤ አሁን ታክሲ ውስጥ ሁሉም ንቀውታል።»