ሾርባው ደርሷል

የዓሣ ማጥመጃው ክር ከመጠቅለያው እየጮኸ ይወጣል። ጀልባውን የተከራየው ፈረንጅ ዘንጉን በሁለት እጁ አንቆ ይስቃል፤ የካፒቴኑ ረዳት ዊልበር ከኋላ ወገቡን ይዞ «ቀስ! ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ይበጠሳል!» ይለዋል። ፈረንጁ ስፓኒሽ አይሰማም፣ ግን ማን ግድ ሰጠው። ካፒቴን ኤላዲዮ ከላይ፣ ከመሪው ሆኖ ያያቸዋል። ሊደሰት ይገባው ነበር።

ጠዋት ከዳር፣ ወንዙ ባሕሩን በሚቀላቀልበት ሞክረው ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ውሃውን አደፍርሶታል፣ እዚያ ያለው ዓሣ ሁሉ አፉን ዘግቷል። ርቀው ወጥተው፣ ድፍርሱ ውሃ ከሰማያዊው በሚገናኝበት መስመር ላይ ይህን ግንድ አገኙ። ጎርፍ ከጫካ ነቅሎ ያመጣው ግንድ ነው። ከሥሩ ዶራዶ የሚባለው ዓሣ ይርመሰመሳል፣ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ለአንድ ጀልባ ቀርቶ ለሦስት የሚበቃ።

ሬዲዮው ላይ ግን የወደባቸው የኬፖስ ካፒቴኖች ሁሉ ዓሣ ጠፋ እያሉ ያለቅሳሉ።

«ግሬቪን፣ እንዴት ነው?» ይላል አፉ የማያርፈው ካፒቴን ቼፔ። «አሁንም ፈረንጆችህን ፀሐይ እያሞቅክ ነው?»

«ምንም የለም» ይላል ግሬቪን። ድምፁ ደክሟል።

«ስትመለስ ገበያ ጎራ በል። እዚያ ዓሣው አይሸሽም!»

ሌሎቹ ይስቃሉ። ኤላዲዮ አይስቅም። ግሬቪን ልጁ ነው። እናቱ ኒዲያ አምና ከሞተች በኋላ የአባቱን ጀልባ ትቶ የአንድ ሆቴል ትልቅ ነጭ ጀልባ ካፒቴን ሆነ፤ ኤላዲዮም ወደቡ ሁሉ እየሰማ «ያለ እኔ የዓሣ ጅራት አታይም!» አለው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እንደ እርግማን ሆኖ ልጁ ባዶ እጁን መመለስ አበዛ፤ የሆቴሉ ሰዎች ሌላ ካፒቴን እያፈላለጉ ነው ይባላል። ኤላዲዮ ማታ ማታ ሩዝና ባቄላውን ለብቻው እያሞቀ ያንን ቃል መልሶ ቢውጠው ይመኛል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አሁን ነጩ ጀልባ በስተደቡብ፣ በሩቁ ይታየዋል። በግልጽ «ዓሣው እኔ ጋ ነው» ቢል ወደቡ ሙሉ ጀልባ ይግተለተላል፣ ዶራዶውም ይበተናል። ለዚህ ነው በሬዲዮ እውነት የሚናገር ካፒቴን የሌለው። አባትና ልጅ ግን የራሳቸው የምሥጢር ቃል ነበራቸው፣ ግሬቪን ገና ትንሿን ጀልባ መንዳት በጀመረ ጊዜ የተማከሩበት። ያ ቃል ከተነገረ ትርጉሙ «ወደ እኔ ና» ነው።

ማይክራፎኑን ያነሣል። 

«ግሬቪን፣ ኤላዲዮ ነኝ። እዚህ ምንም የለም፣ ወደ ቤት ልገባ ነው። እናትህ ሾርባው ደርሷል ብላለች።»

የማይክራፎኑን ቁልፍ ይለቃል። 

ያለው ነገር ለኤላዲዮ ገና አሁን ይገባዋል። ያኔ ሲማከሩ ኒዲያ በሕይወት ነበረች፣ ሾርባውም የእውነት ይፈላ ነበር። አሁን የሰሙት ሰዎች ሬሳዋን የተሸከሙ ናቸው።

«ዶን ኤላዲዮ…» ይላል ቼፔ። እንዲህ ለስልሶ ተናግሮ አያውቅም። «ዶኛ ኒዲያን እኮ አምና ቀበርናት።»

ዊልበር ከታች ቀና ብሎ ያየዋል፣ ፈረንጁንም ረስቶታል። ፈረንጁ ብቻውን ይጮሃል፤ ዶራዶው ከውሃው ዘሎ ፀሐይ ላይ ያበራል።

ኤላዲዮ አፉን ይከፍታል። አልጃጀሁም፣ ደኅና ነኝ ሊል። ግን ወደቡ ሁሉ እየሰማ ምሥጢሩን እንዴት ብሎ ያስረዳል? ቃሉን ሲፈልግ ሬዲዮው ይቀድመዋል።

«አባዬ።»

ከቀብሩ ወዲህ ግሬቪን እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ? ምንም አይደለም፣ እሺ? እዛው ሁን። መሪውን አትንካ፣ የትም አትንዳ። እኔ መጥቼ ቤት አደርስሃለሁ።»

ነጩ ጀልባ በሩቁ ዞሮ ፊቱን ወደ እሱ ያደርጋል። ግሬቪን የድሮ የምሥጢር ቃላቸውን ረስቶታል። የሚመጣው ለዓሣው አይደለም፤ አባቱ አእምሮውን የሳተ መስሎት ነው።

ሊያርመው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ኤላዲዮ ማይክራፎኑን አፉ ላይ ያስጠጋል።

«እሺ ልጄ» ይላል። «አልነካም።»

እጁንም ከመሪው ላይ ያነሣል።