ኮፍያዋን ሳታወልቅ የገባችው እናት

አይ ወንድሜ፣ ኮመንትህን አይቼዋለሁ... "ሐሺሽ ያው ሐሺሽ ነው፣ መድኃኒት ምናምን እያላችሁ አታጃጅሉን" ብለሃል።

እሺ። ጣትህን ከስልኩ ላይ አንሳና ስማኝ።

እዚህ ካናዳ፣ ኒው ብሩንስዊክ፣ ጦር ሠፈሩ አጠገብ ያለችው ከተማችን ውስጥ ሬዣን የሚባል ሰው አለ። አፍጋኒስታን፣ ካንዳሃር ላይ መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ሲያመክን የነበረ ወታደር ነው። አሁን በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተርሳይክል ይጠግናል።

አገሩ ከተመለሰ በኋላ አስፋልት ላይ ባዶ ካርቶን ካየ ፈንጂ እየመሰለው መኪናውን ያቆማል... መሪውን ጨብጦ ግማሽ ሰዓት ይንቀጠቀጣል።

ያልዋጠው ኪኒን የለም። በመጨረሻ ሐኪሙ ከዚያው ከሐሺሹ ተክል የሚጨመቅ የካናቢስ ዘይት አዘዘለት። ከምላስ ሥር ጥቂት ጠብታ፣ ሰዓት ጠብቆ።

ዳነ? አልዳነም።

ለሁሉም ይሠራል ያለህም የለም፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና እየተከራከሩ ነው። ግን ሰውየው መተኛት ጀመረ... ካርቶኑንም አልፎ መንዳት ጀመረ።

እና በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ከሚታሰቡበት ቀን በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቀድሞ ወታደሮች ክበብ ሄደ።

የላከችው ዳርሊን ናት። ልጇ ትሬቨር የሬዣን የጦር ጓደኛ ነበር። ከጦርነቱ በሰላም ተመልሶ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ መኪናውን ከዛፍ ጋር አላትሞ ሞተ።

"የአበባ ጉንጉኑን ሐውልቱ ጋ አንተ አስቀምጥለት፣ ወንድሙ ነህ። ሄደህ ለክበቡ ንገራቸው" ብላዋለች።

ሬዣን ሐሳብ ይዞት ኮፍያውን ሳያወልቅ ገባ።

ደወሉ ጮኸ።

የክበቡ ሕግ ነው። ለሞቱት ክብር ኮፍያ በር ላይ ይወለቃል። የረሳ ሰው ሲገባ ደወል ይደወልበትና ቤቱን ሙሉ መጠጥ ይጋብዛል።

"ተባረክ ሬዣን፣ ጉሮሯችን ደርቆ ነበር" አለ አንድ ሽማግሌ።

"የአንተ ጉሮሮ ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ ደርቆ አያውቅም" አለው ሬዣን።

ተሳሳቁ። ሁሉንም ጋበዘ፣ ለራሱ ውኃ አዘዘ። ሰዓቱም ደርሶ ስለነበር ጠርሙሱን አውጥቶ ከምላሱ ሥር አንጠባጠበ።

የክበቡ ሊቀመንበር ሻለቃ ባሻ ዌንደል አየው። ራም ከሚባለው አረቄ አራተኛ ብርጭቆው ላይ ነው።

"ምንድነው እሱ?"

"መድኃኒቴ ነው ባሻ። በሐኪም የታዘዘ።"

"እኛም ጦርነት አይተናል ልጄ። ሐሺሽ ሳንልስ ነው የኖርነው።"

"አውቃለሁ ባሻ።"

"አታውቅም። በዚህ ክበብ ስም ሐሺሻም ጉንጉን አይሸከምም። ወንድ ከሆንክ ይቺን ጠጣና እንነጋገር።"

ብርጭቆውን ገፋለት።

አስበው እንግዲህ... አፉ ራም ራም እየሸተተ ስለ ሱስ ያስተምራል።

ሬዣን ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መለሰለት።

"የእኔን ድርሻ ሌላ ሰው ጠጥቶልኛል ባሻ" አለና ወጣ።

የባሻ ፊት ተለዋወጠ... ግን መልሶ ቀዳ።

የመታሰቢያው ቀን፣ ኖቬምበር 11 ደረሰ። ሐውልቱ ጋ መድፍ ተተኮሰ። ሬዣን ከሕዝቡ ኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ተኩሱን ቆጠረ። አልሮጠም።

የትሬቨርን ጉንጉን ያስቀመጠው ማን ይመስልሃል? ባሻ። ደረቱን ነፍቶ ሰላምታ ሰጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ክበቡ... ወደ ራሙ።

በሩ ተከፈተ።

ዳርሊን ናት። ሬዣንን በክንዱ ይዛዋለች። ራሷ ላይ የወንድ የሱፍ ኮፍያ አድርጋለች፣ አረንጓዴ፣ ጠርዙ የተተረተረ።

ደወሉን የሚነካ ጠፋ።

"ምን ትጠብቃለህ ዌንደል? ደውል እንጂ።"

"ዳርሊን... ዛሬ ተዪኝ።"

"ሕግ አይደል? ሕግ ትወድ የለ?"

ራሷ ሄዳ ገመዱን ሳበችው።

"ለሁሉም ይቀዳ፣ ጋባዧ እኔ ነኝ። ዌንደል ግን ከመጠጣቱ በፊት ይቺን ያንብብልን።"

ከኮፍያው እጥፋት ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ባሻ እጁን አልዘረጋም። እሷው አነበበችው።

የሐኪም ማዘዣ ነው። የካናቢስ ዘይት፣ ለትሬቨር። የተጻፈው ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት።

"ሐኪም ጋ ይዞት የሄደው ይሄ ሐሺሻም የምትሉት ሰው ነው" አለች። "ጠርሙሱን ነጥቆ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ የደፋው ደግሞ አባቱ ነው።"

አዎ። ባሻ ዌንደል የትሬቨር አባት ነው።

"'የእኔ ልጅ ሐሺሻም አይሆንም' አልክና እዚህ ይዘኸው መጣህ። እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥከው። እናንተም በየተራ ቀዳችሁለት... 'ጠጣ፣ ትረሳዋለህ' እያላችሁ። ከዚህ በር ወጥቶ ነው መሪ የጨበጠው። አራት ዓመት ዝም አልኩ። ጉንጉኑን ስትከለክለው ግን በቃኝ።"

ባሻ ብርጭቆውን እያየ "ወንድ እንዲሆን ብዬ ነው" አለ።

በቃ።

ያ የሚቀልደው ሽማግሌ ብርጭቆውን ደፍቶ ተነሣ። ሌላውም ተከተለ።

ዳርሊን የልጇን ኮፍያ አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"የሚወለቀው ለሞቱት ክብር አይደል? ይኸው።"

ትምህርቱ ምንድነው? መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ልጅህ "አሞኛል" ሲልህ ስለ ሕመሙ ጠይቀው፣ ሰው ምን ይለኛል እያልክ አትጨነቅ። በብርጭቆ ሲሆን ጨዋታ፣ በጠብታ ሲሆን ሱስ የምትሉ ሁሉ... ደግሞ ስለ ሞራል ታወራላችሁ።

እናንተስ፣ ዳርሊንን ብትሆኑ አራት ዓመት ዝም ትሉ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

አንተ ግን ባሻ... ያንን ጠርሙስ ስትደፋ ልታድን የፈለግከው ልጅህን ነበር ወይስ ስምህን?