ቅጽ 4-17

በ1999 ክረምት፣ ካዛንቺስ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መቶ ሰማንያ ቅጾች ጠረጴዛ ሞልተው ነበር። ስድስት ጠያቂዎች ቂርቆስን በየአሥረኛው ቤት እያንኳኩ ስለ ልጆች ጤና ጠይቀው የሞሏቸው ናቸው። ሪፖርቱ የሚቀርበው ዓርብ ከሰዓት ነው። ዕለቱም ዓርብ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ እጸገነት ከሰው ይልቅ ቁጥር ታምናለች ተብላ ትታማለች። ሐሜቱን ሰምታዋለች፤ አልከፋትም። ወር ሙሉ ሳይነጋ ወጥታ ከመሸ ነበር የምትገባው። የስምንት ዓመት ልጇ ማዕዛ ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ የምትውለው ከአያቷ ከወይዘሮ ጀማነሽ ጋር ነው። ባለፈው እሑድ ክርኗ ተልጦ ብታያት «ገመድ ስዘል ነው» አለቻት። ወይዘሮ ጀማነሽ በር ሥር የሚደረድሩት ውሃ የሞላ ሃይላንድም በዝቷል። ሰፈራቸው ላንቻ ውሃ ሲጠፋ ሳምንት ይጠፋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

እጸገነት የአሥራ ሁለተኛውን ጥያቄ መልሶች መደመር ያዘች። «ባለፈው አንድ ወር ልጁ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃል? ስንት ጊዜ?» ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። የመቶ ሰባ ዘጠኙ ቅጽ ድምር ስምንት ብቻ ሆነ።

ቅጽ 4-17 ላይ ግን ዘጠኝ ተጽፏል።

አንድ ቤት ብቻውን አማካዩን ከእጥፍ በላይ አደረገው። የቀለሙ ዓይነት ከሌሎቹ ቅጾች ይለያል። ወረቀቱም አዲስ ነው። የሞላችው ረውዳ ናት፤ ዘንድሮ የተመረቀች፣ ይህ የመጀመሪያ ሥራዋ የሆነ ልጅ። ረቡዕ ደምበል አንድ ካፌ ቁጭ ብላ ቅጽ ስትሞላ ያያት ሰው አለ።

እጸገነት ረውዳን አስጠርታ እስክትመጣ ድረስ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሱት እናቷ ወይዘሮ ጀማነሽ ናቸው።

«ማዕዛስ?»

«ተኝታለች።»

«በቀትር?»

«ክረምት አይደል እንዴ፣ ልጄ። ሥራሽን ሥሪ።»

ረውዳ ገባች፤ ቅጹን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እጸገነት ይህንንም ልብ አለችው።

«ካፌ ውስጥ ነው የሞላሽው?»

«ዝናብ አበላሽቶብኝ ነው የገለበጥኩት። ማለቴ፣ መልሱ የቤቱ ነው፣ ወላሂ!»

«ዘጠኝ ጊዜ የወደቀች ልጅ ሐኪም ያላያት?»

«ጠበል ነው የሚወስዷት። እናትየው እንዳትሰማ ተደብቀው። ያነጋገሩኝ እናትየው አይደሉም።»

እጸገነት ሳቀች። «ልጇ ዘጠኝ ጊዜ ስትወድቅ የማታውቅ እናት? እኔም እናት ነኝ፣ ረውዳ። እንዲህ ዓይነት እናት የለችም።»

«ወይዘሮ እጸገነት፣ ሩቅ አይደለም እኮ። ፖስታውን ይክፈቱትና ይሂዱ።»

ቅጽ ላይ ስምም ሰፈርም አይጻፍም፤ ኮድ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዋ እንዳታዳላ አድራሻዎቹ በታሸገ ፖስታ ኃላፊው አቶ ገብረዋህድ ዘንድ ይቀመጣሉ። እሳቸውን ብትጠይቅ ይከፍቱላት ነበር። ግን ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ሄደሽ ከሆነማ በሩ ላይ በጠመኔ ኮዱን ጽፈሻል፣ አይደል?»

«ጽፌያለሁ። ታች፣ ከመዝጊያው በስተውስጥ።»

በዚያ ዓመት ሰው በሩ ላይ ምልክት ካየ ቤቴ ሊፈርስ ነው ብሎ በውሃ ያጥባል። ስለዚህ ጠያቂዎቹ የማይታይ ቦታ መጻፍ ለምደዋል። ለውሸታም ይህ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፣ ስትል እጸገነት አሰበች።

«ቁጥሩ ካስቸገረዎት በአማካዩ ፈንታ ሚዲያኑን፣ የመሃለኛውን ቁጥር፣ ይውሰዱ» አለች ረውዳ። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። «ልጅቷን ግን አያውጧት። ዓይኔ እያየ ነው የወደቀችው። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወይ መንገድ ላይ ብትሆንስ?»

«ሰኞ እንዳትመጪ።»

በዚህ ሥራ ቅጽ ፈጥራ ሞላች የተባለችን ዳግመኛ የሚቀጥር የለም። ሁለቱም ያውቁታል። ረውዳ ቦርሳዋን አንስታ በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

እጸገነት ቅጹን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። አማካዩ ወረደ፤ ሠንጠረዡ አማረ። «አሳሳቢ ሁኔታ አልታየም» ብላ ጻፈች። አቶ ገብረዋህድ አንብበው «ይኼ ነው ጥናት!» አሉና ዛሬ በጊዜ እንድትገባ ፈቀዱላት።

መስቀል አደባባይ ታክሲ ቀየረች። ላንቻ ስትወርድ ለማዕዛ ኬክ ገዛች፤ ልጇ በቀን ብርሃን ስታያት የምትሆነውን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

«ማዕዛ!»

መልስ የለም። ቤቱ ክፍት ነው። አንድ የልጅ ጫማ ደጃፉ ላይ ተገልብጦ ወድቋል። በር ሥር ከተደረደሩት ሃይላንዶች አንድም አልቀረም።

«እማዬ!»

ጎረቤት ሄደው ይሆናል ብላ ልቧን ለማረጋጋት ሞከረች። የግቢውን በር ልትዘጋ ተመለሰች። ከመሸ ስትገባ ሁልጊዜ የሚዘጉት እናቷ ናቸው። የታችኛውን መቀርቀሪያ ልትወረውር ጎንበስ አለች።

ከመዝጊያው በስተውስጥ፣ በነጭ ጠመኔ፣ 4-17 ይላል።