ሻጋታው ሲለቅ

ኦቻንግ አባቱን ከጀልባቸው ክፍል አውጥቶ ባሮ ወንዝ ዳር ምንጣፍ ላይ ሲያስተኛቸው ሽማግሌውን ሳል አጣድፏቸው ነበር። ደረታቸው ከታመመ ሰንብቷል። ጋምቤላ ከተማ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ጎርፍ ውጦታል፤ የቀረችው ይህች አሮጌ ጀልባ ብቻ ናት። የውስጧን ሻጋታ ግን ጤነኛም አይችለው።

«ክልል ስንሆን፣ እናንተ ልጆች፣ ሐኪም እዚሁ ድረስ ይመጣል አላላችሁም?» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «እኔው ልሂድለት?»

«ዝም ብለው ይተኙ፣ አባባ።»

ተመልሶ ገብቶ ጨርቅ በበረኪና እየነከረ የክፍሏን ግድግዳ ፈተገ። ጀልባዋን ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ እንዳይነካት ብሎ ከስደተኞች ሰፈር በገዛው የፕላስቲክ ሸራ ጥርቅም አድርጎ ሸፍኗት ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ አመስግኖታል። አረንጓዴው ለቆ ጣውላው ብቅ ሲል ደስ አለውና ወለሉ ጥግ የቀረችውን ጥቁር ነጥብ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ጣቱ እንደ በሰለ ማንጎ ሰርጎ ገባ። አጠገቡን ነካ፤ እዚያም ገባ። ሲያወጣው የባሮ ውሃ ተከትሎት መጣ። ለካ ሸራው ከዝናብ ጠብቆ በገዛ ላቧ አበስብሷታል።

አባቱ ከውጭ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አቀኑ። «ሽታው ጠፋ እኮ! ጎበዝ ልጄ። በል አስገባኝ።»

ኦቻንግ እርጥቡን ጨርቅ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ በጉልበቱ ተጫነው። «ትንሽ ይድረቅ፣ አባባ» አለ።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ለጉዞ ብለው ያጠለቁትን ጫማ ሳያወልቁ ዓይናቸውን ጨፈኑ።