የተቆለፈበት ስቶቭ

«ማን ሞተ?» አሉ አከራዬ፣ የሚስታቸውና የልጆቻቸው ጫማ እኔ ደጃፍ ላይ ተደርድሮ ሲያዩ።

ማንም አልሞተም። ቤተሰቡ በሙሉ የእኔን ስቶቭ ከቦ እየሞቀ ነበር።

የደብረ ብርሃን የነሐሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሰውየው ግን ዘንድሮ መብራት ካልቆጠብኩ ብለው፣ የቤታቸውን ስቶቭ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ማታ ማታ በጋቢ ላይ ካፖርት ደርበው ጨለማ ውስጥ ሲቀመጡ፣ የራሳቸው ቤት ዘበኛ ነው የሚመስሉት።

«እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ሂሳቡ ከአምናው ይብሳል» አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ በምሬት። «ሁሉንም አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ የማጠፋው?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቤቱን ስከራይ «የመብራቱን ነገር ተይው፣ ከእኛው ቆጣሪ ስለተቀጠለ ከኪራዩ ጋር ነው» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ሚስታቸው እትዬ እታፈራሁ እጃቸውን ከስቶቩ ላይ ሳያነሱ ቀና አሉ።

«በሩን ዝጋው እባክህ፤ የምትከፍልበት ሙቀት እየወጣ ነው።»